ለትንሽ ትራክተር ተጨማሪ የሃይድሮሊክ ቫልቭ፦ ዘይቱ ከየት መጥቶ ወዴት ይመለሳል?

በ2016 ዓ.ም. ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ የሚወስደው መንገድ በኮሪደር ልማት ሲቆፈርና ሲገነባ በሥላሴ አካባቢ ያለፈ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አልቀረም። ቆፋሪው ማሽን ክንዱን ዘርግቶ አፈር ሲዝቅ፣ ገልባጩ መኪና ጭነቱን ሲያራግፍ፣ የኦፕሬተሩ ድካም ትንሽ ማንሻ መግፋትና መሳብ ብቻ ነው። በማንሻውና በብረት ክንዱ መካከል ሆኖ ያን ሁሉ ሸክም የሚሸከመው ዘይት ነው።

ይኸው ዘይት በሰሜን ሸዋ ሞረትና ጅሩ ወረዳ ዋልካ መሬት ላይ ማረሻ ያነሣል፤ ያወርዳል። ልዩነቱ ግን አለ። የከተማው ማሽን ለእያንዳንዱ እንቅስቃሴ የራሱ ቫልቭ ተገጥሞለት ከፋብሪካ ይወጣል። ትንሹ የእርሻ ትራክተር በአንጻሩ ብዙ ጊዜ ማረሻ ከማንሣት ያለፈ የሃይድሮሊክ ሥራ እንዲሠራ ተደርጎ አይመጣም። ባለቤቱ ገልባጭ ተሳቢ ወይም ተገልባጭ ማረሻ ሊያያይዝ ሲፈልግ አንድ ተጨማሪ ቫልቭ ማስገጠም ግድ ይሆንበታል።

ገጠማው ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ይመስላል፤ አንድ የብረት ሣጥን፣ ጥቂት ቱቦዎች፣ ጥቂት ቡሎኖች። ነገር ግን በአንድ ቱቦ መሳሳት የትራክተሩን ፓምፕ ሊሰብር፣ ከዚያም ሲብስ የሰው እጅ ሊያሳጣ ይችላል። ይህ ጽሑፍ የቫልቩን አሠራር፣ ስሕተቱ የሚፈጠርበትን ቦታና ባለቤቱ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ሊጠይቃቸው የሚገቡትን ጥያቄዎች ያብራራል።

ቆሞ የሚውለው ትራክተር

የትራክተር የእርሻ ወቅት አጭር ነው። በደጋው የዝናብ እርሻ ዋናው ሥራ ከክረምቱ መግቢያ በፊትና በመግቢያው በሚገኙ ጥቂት ሳምንታት ይከናወናል። በተለይ ዋልካ መሬት ጊዜ አይሰጥም፤ ሲደርቅ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፣ ሲርስ ደግሞ ጎማ ይውጣል። በኢትዮጵያ እንዲህ ያለው ጥቁር ሸክላማ አፈር 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ እንደሚሸፍን ይገመታል። የሞረትና ጅሩ ስንዴም የሚበቅለው በዚሁ አፈር ላይ ነው።

እርሻው ሲያበቃ ትራክተሩ ቆሞ ይውላል፤ ዕዳው ግን አይቆምም። በ2011 ዓ.ም. መንግሥት የእርሻ መሣሪያዎች ከቀረጥና ከታክስ ነፃ እንዲገቡ ከፈቀደ ወዲህ፣ የካፒታል ዕቃ ፋይናንስ ተቋማትም መሣሪያ በሊዝ ማቅረባቸው ተጨምሮበት፣ ትራክተር በማኅበርና በግል የመያዝ ዕድሉ ሰፍቷል። ዕዳውን ለመክፈል ግን ትራክተሩ በመኸርም በበጋም ሊሠራ ይገባል፤ እህልና ጭድ ከማሳ ማመላለስ፣ አሸዋና ድንጋይ ማጓጓዝ፣ ፍግ ወደ ማሳ ማውጣት። ለዚህ ሁሉ ተመራጩ በራሱ የሚያራግፍ ገልባጭ ተሳቢ ነው። ገልባጭ ተሳቢ ደግሞ ከትራክተሩ ዘይት ይፈልጋል።

ቀደም ባለው ዘመን ይህ ችግር እምብዛም አልነበረም። በደርግ ጊዜ በሶቭየት ኅብረት ድጋፍ በናዝሬት፣ በዛሬዋ አዳማ፣ በተቋቋመው ፋብሪካ የተገጣጠሙትና የመንግሥት እርሻዎች የሚያውቋቸው የቤላሩስ ትራክተሮች ጠንካራና ግዙፍ ነበሩ። ከእነርሱ መካከል የታወቀው ኤምቲዜድ 80 ባለ ሦስት ክፍል የዘይት ማከፋፈያ ይዞ ይመጣ ስለነበር ከማረሻው ሌላ ተሳቢም ሌላ መሣሪያም ማያያዝ ይቻል ነበር። የዛሬዎቹ ከ20 እስከ 50 የፈረስ ጉልበት ያላቸው ትንንሽ ትራክተሮች ግን ዋጋቸው እንዲቀንስ ሲባል ብዙዎቹ የኋላውን ማንሻ ብቻ ይዘው ይቀርባሉ።

ዘይት እንዴት ይሸከማል?

መሠረቱ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ፈረንሳዊው ብሌዝ ፓስካል ያስቀመጠው ሕግ ነው። ከሥላሴ ካቴድራል ጥቂት ከፍ ብሎ አምስት ኪሎ በሚገኘው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚማሩ የምሕንድስና ተማሪዎች ገና በጅምሩ የሚያገኙት ሕግ ነው። በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ባለ ፈሳሽ ላይ ያረፈ ግፊት ወደ ሁሉም አቅጣጫ እኩል ይተላለፋል። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ብራማ እ.ኤ.አ. በ1795 በዚህ ሕግ የሚሠራ መጭመቂያ አስመዘገበ። አየርላንዳዊው ሃሪ ፈርግሰን ደግሞ ሃይድሮሊክን ከሦስት ነጥብ ማያያዣ ጋር አዋሕዶ፣ እ.ኤ.አ. በ1939 ከፎርድ ጋር ለገበያ ባቀረበው ትራክተር አማካይነት በሰፊው አስለመደው። ዛሬ በየማሳው የምናየው ማረሻን በሦስት ክንድ ይዞ የሚያነሣው ዘዴ የእርሱ ውርስ ነው።

ስሌቱ አስቸጋሪ አይደለም። የፒስተኑ ዲያሜትር 8 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሲሊንደር እንውሰድ። የፒስተኑ ስፋት 50 ካሬ ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ዘይቱ በ150 ባር ግፊት ቢገባበት በእያንዳንዱ ካሬ ሳንቲ ሜትር ላይ ወደ 150 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ኃይል ያርፋል። ሁለቱ ሲባዙ ከ7 ቶን ተኩል በላይ የሚያነሣ ጉልበት ይሆናል። በክንድ የሚታቀፍ ሲሊንደር ጭነት የሞላውን ተሳቢ ቀና የሚያደርገው በዚህ ምክንያት ነው።

ግፊት ጉልበትን ሲወስን፣ ፍጥነትን የሚወስነው ፓምፑ በደቂቃ የሚገፋው የዘይት መጠን ነው። ያው ሲሊንደር አንድ ሜትር እንዲወጣ 5 ሊትር ዘይት ይፈልጋል። ፓምፑ በደቂቃ 25 ሊትር የሚገፋ ከሆነ ሥራው በ12 ሴኮንድ ያልቃል። እነዚህ ሁለት ቁጥሮች፣ ባርና ሊትር በደቂቃ፣ በኋላ ቫልቭ ስንመርጥ ያስፈልጉናል።

ቦዩና የራስጌው ገበሬ

የትንንሽ ትራክተሮች ሃይድሮሊክ በአብዛኛው ማዕከሉ ክፍት የሆነ የሚባለው ዓይነት ነው። ሞተሩ እስከዞረ ድረስ ፓምፑ ዘይት ይገፋል፤ ማንሻው ካልተነካ ዘይቱ በቫልቩ መካከል ያለ ግፊት አልፎ ወደ ማጠራቀሚያው ይመለሳል።

ይህን ለመረዳት የመስኖ ቦይን ማሰብ ይበቃል። ውኃው ከወንዝ ተጠልፎ በቦዩ ይወርዳል። የራስጌው ገበሬ ተራው ሲደርስ ቦዩን ዘግቶ ወደ ማሳው ያዞረዋል፤ ሲጨርስ ይከፍተውና ውኃው ወደ ግርጌው ገበሬ ይወርዳል። ከሁሉም የተረፈው ተመልሶ ወንዙ ውስጥ ይገባል። ወንዙ የዘይት ማጠራቀሚያው ነው፤ ጠለፋው ፓምፑ ነው፤ እስከ ዛሬ በቦዩ ላይ የነበረው ብቸኛ ገበሬ የኋላውን ማንሻ የሚያንቀሳቅሰው ቫልቭ ነው።

አዲስ ቫልቭ መግጠም ማለት ከዚህ ገበሬ በላይ አንድ አዲስ ገበሬ በራስጌ ማስፈር ነው። አዲሱ ሲጠቀም የቀድሞው ይጠብቃል፤ ተሳቢው እየተነሣ ሳለ ማረሻ ለማንሣት ቢሞከር ማረሻው አይታዘዝ ይሆናል። ይህ ብልሽት ሳይሆን የተራ ጉዳይ ነው። ብልሽት የሚሆነው የራስጌው ገበሬ ውኃውን የሚያሳልፍበት በቂ ቦይ ሳይኖረው ሲቀር ነው።

በተለይ በዘመናዊና በትልልቅ ትራክተሮች ላይ ማዕከሉ ዝግ የሆነ ወይም ጭነቱን እየለካ ዘይት የሚልክ ሥርዓት ይገኛል። በእነዚህ ላይ ለክፍት ማዕከል የተሠራ ቫልቭ መግጠም ፈጽሞ ተገቢ አይደለም፤ ዘይቱ ያለ ዕረፍት እንዲፈስ በማድረግ ሥርዓቱን ያዛባል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የትራክተሩን ዓይነት ከማንዋሉ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ሦስቱ አፎች

አንድ ተጨማሪ ቫልቭ ወደ ሲሊንደሩ ከሚሄዱት የሥራ አፎች ሌላ ሦስት ዋና ዋና አፎች ሊኖሩት ይገባል። የመጀመሪያው ዘይት ከፓምፑ የሚገባበት መግቢያ ነው። ሁለተኛው ያልተፈለገው ዘይት ወደ ቀድሞው ቫልቭ የሚያልፍበት ማሳለፊያ ነው፤ በገበያ ፓወር ቢዮንድ የሚባለው ይህ ነው። ሦስተኛው ከሲሊንደሩ የሚመለሰው ዘይት ወደ ማጠራቀሚያው የሚሄድበት መመለሻ ነው። በብዙ ቫልቮች ላይ መግቢያው ፒ፣ መመለሻው ቲ፣ ማሳለፊያው ደግሞ ኤን ወይም ፒቢ በሚሉ የላቲን ፊደላት ይታወቃሉ።

የመጀመሪያው ከባድ ስሕተት የሚፈጸመው እዚህ ላይ ነው። ገጣሚው ማሳለፊያ የሌለው ቫልቭ ይገዛና ከመመለሻው አፍ የሚወጣውን ዘይት ወደ ቀድሞው ቫልቭ ይመራዋል። ማንም ምንም ሳያነሣ ሲቀር ሁሉ ነገር የሚሠራ ይመስላል። ማረሻው ሲነሣ ግን ከግርጌ ያለው ቫልቭ ቦዩን ስለሚዘጋ ግፊቱ ወደ ኋላ ተመልሶ በአዲሱ ቫልቭ የመመለሻ ክፍል ውስጥ ይከማቻል። ያ ክፍል በተለመዱት ቫልቮች ለዝቅተኛ ግፊት የተሠራ ነው። መጀመሪያ ኦሪንጎቹ ዘይት ያስወጣሉ፤ ሲብስ የቫልቩ አካል ይሰነጠቃል። ባለቤቱ ቫልቩ የወደቀ ዕቃ ነው ብሎ ሻጩን ይወቅሳል፤ ጥፋቱ ግን የአገጣጠሙ ነው።

ማሳለፊያ አፍ በብዙ ቫልቮች ላይ ከመጀመሪያው አይከፈትም። መመለሻውን ከማሳለፊያው የሚለይ አንድ ትንሽ ማስገቢያ ለብቻው ተገዝቶ ይጠመድበታል። ይህች ትንሽ ብረት ከቫልቩ ጋር ስለማትሸጥ ብዙ ጊዜ ትረሳለች። ከገባች በኋላ ደግሞ የመመለሻው ቱቦ የግድ በቀጥታ ወደ ማጠራቀሚያው መሄድ አለበት። መመለሻው በጠፍ ከተዘጋ ከሲሊንደሩ የሚመለሰው ዘይት መውጫ ያጣል።

ሁለተኛው ከባድ ስሕተት የግፊት ማስተንፈሻውን ይመለከታል። ሲሊንደሩ መጨረሻው ላይ ሲደርስ ዘይቱ የሚሄድበት ያጣል፤ ፓምፑ ግን መግፋቱን አያቆምም። በዚህ ጊዜ ግፊቱ ከተወሰነው ልክ ሲያልፍ ተከፍቶ ዘይቱን የሚያስተነፍስ ቫልቭ ከሌለ ደካማው ክፍል ይፈነዳል፤ ቱቦው ወይም ፓምፑ። በአንዳንድ ትራክተሮች የግፊት ማስተንፈሻው የሚገኘው በኋላው ማንሻ ቫልቭ ውስጥ ነው። አዲሱ ቫልቭ ከእርሱ በፊት፣ ማለትም በራስጌ፣ ከተገጠመ ያ ማስተንፈሻ ሊጠብቀው አይችልም። ስለዚህ አዲሱ ቫልቭ የራሱ የግፊት ማስተንፈሻ ሊኖረው ይገባል፤ ልኩም ማንዋሉ ለፓምፑ ከፈቀደው ግፊት ፈጽሞ መብለጥ የለበትም።

ይህን ልክ በግፊት መለኪያ እንጂ በግምት ማስተካከል አይቻልም። ተሳቢው ከበደው ተብሎ የማስተንፈሻውን ቪቴ ማጥበቅ የተለመደ ፈተና ነው። ለጊዜው ጭነቱ ይነሣል፤ የሚከፈለው ግን ከፓምፑ ዕድሜ ነው። ትክክለኛው መፍትሔ ጭነት መቀነስ ወይም ሰፋ ያለ ሲሊንደር መጠቀም ነው።

ቫልቩን መምረጥ

ቫልቭ የሚመረጠው በሥራው ዓይነት ነው። ገልባጭ ተሳቢ አብዛኛውን ጊዜ ዘይት በአንድ በኩል ብቻ የሚገባበት ሲሊንደር ይጠቀማል፤ ሲነሣ ዘይት ይገፋዋል፣ ሲወርድ የራሱ ክብደት ይመልሰዋል። ለዚህ ባለ አንድ የሥራ አፍ ቫልቭ ይበቃዋል። ተገልባጭ ማረሻ ግን ወደ ሁለቱም አቅጣጫ በዘይት የሚገፋ ሲሊንደር ስላለው ባለ ሁለት የሥራ አፍ ቫልቭ ያሻዋል።

ባለ ሁለት አፉን ገዝቶ አንዱን አፍ በመዝጋት ለተሳቢ የሚጠቀሙ አሉ። ይሠራል፤ ነገር ግን ተሳቢው ሲወርድ ፓምፑ በተዘጋው አፍ ላይ ስለሚገፋ ዘይቱ በሙሉ በማስተንፈሻው በኩል እየተጨነቀ ያልፋል። በ150 ባር ግፊት በደቂቃ 25 ሊትር ሲተነፍስ ከ6 ኪሎ ዋት በላይ ኃይል ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ ይህም ሁለት የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድ በአንድ ጊዜ የጣዱ ያህል ነው። ሙቀቱ ዘይቱን ያቀጥናል፣ ኦሪንጎችን ያደርቃል። በሁለቱም መንገድ መሥራት የሚችል፣ በአንድ ቪቴ የሚለወጥ ቫልቭ ቢገኝ የተሻለ ነው።

የቫልቩ አቅም ከፓምፑ መጠን ማነስ የለበትም። ፓምፑ በደቂቃ 25 ሊትር የሚገፋ ከሆነ 40 ሊትር የሚያሳልፍ ቫልቭ በምቾት ይሠራል፤ ጠባቡ ግን ማንም ሳይጠቀምበት እንኳ ዘይቱን እያፈነ ያሞቃል። ማንሻው ሲለቀቅ በራሱ ወደ መሐል የሚመለስ መሆኑም ለደኅንነት ወሳኝ ነው። ተነሥቶ በሚቀር ማንሻ የተነሣ ብዙ ጉዳት ይደርሳል።

ትራክተሩ ቀድሞውኑ አንድ ጥንድ የዘይት መውጫ ካለው ደግሞ አዲስ ቫልቭ ላያስፈልግ ይችላል። አንዱን መውጫ ተራ በተራ ወደ ሁለት መሣሪያ የሚመራ የማከፋፈያ ቫልቭ አለ። ሁለቱን በአንድ ጊዜ አያሠራም፤ የትራክተሩን ዋና የዘይት መንገድ ስለማይነካ ግን አደጋው አነስተኛ ነው። ባለቤቱ አስቀድሞ ይህን አማራጭ ቢመረምር ገንዘብና ጭንቀት ያተርፋል።

ከመግዛት በፊት

ገንዘብ ከመክፈል በፊት አምስት ጥያቄዎች ምላሽ ማግኘት አለባቸው። የትራክተሩ ሥርዓት ማዕከሉ ክፍት ነው ወይስ ዝግ? የፓምፑ ግፊትና በደቂቃ የሚገፋው መጠን ስንት ነው? ዋናው የግፊት ማስተንፈሻ የት ይገኛል? ፋብሪካው ለተጨማሪ ቫልቭ ያዘጋጀው መውጫ አለ? የመመለሻው ቱቦ የት ይገባል?

አራተኛው ጥያቄ ብዙ ድካም ያስቀራል። በርካታ ትንንሽ ትራክተሮች ከፓምፑ አጠገብ ወይም ከመቀመጫው ሥር በጠፍ የተዘጋ መውጫና መመለሻ ይዘው ይመጣሉ፤ ፋብሪካው ራሱ ለእንዲህ ያለው ሥራ አስቦ የተወው ነው። እርሱን በማንዋሉ መሠረት መክፈት የፓምፑን ቱቦ ቆርጦ ከመቀጠል እጅግ የተሻለ ነው።

የሚያያዘው መሣሪያ የዘይት ፍጆታም መታሰብ አለበት። በብዙ ትንንሽ ትራክተሮች የሃይድሮሊኩ ዘይትና የማርሽ ሣጥኑ ዘይት አንድ ነው። የተሳቢው ሲሊንደር 5 ሊትር ይዞ ቀና ሲል ያ 5 ሊትር ከማርሽ ሣጥኑ ተቀንሷል ማለት ነው። መጠኑ ከተፈቀደው በታች ከወረደ ፓምፑ አየር ይስባል፤ ማርሾቹም ይጠማሉ። በአንጻሩ ሲሊንደሩ እንደወጣ ዘይት እስከ ላይኛው ምልክት ከተሞላ፣ ሲሊንደሩ ሲወርድ ትርፉ ይፈስሳል። ሁለቱም እንዳይሆን ልኩን ከፋብሪካው መረጃ ማግኘት ይገባል።

ገጠማው

ሥራው የሚጀምረው በንጽሕና ነው። የሃይድሮሊክ ዘይት ትልቁ ጠላት አቧራ ነው፤ በቫልቩ ውስጥ የሚንሸራተተው ዘንግ ከመኖሪያው ጋር ያለው ክፍተት ከፀጉር የቀጠነ ስለሆነ ጥቂት አሸዋ ሊያጭረው ይበቃል። ስለዚህ ገጠማው ነፋስ በሚያነሣው አውድማ ላይ ሳይሆን በተሸፈነ ጋራዥ፣ ትራክተሩ ከታጠበ በኋላ ይከናወን። የተከፈቱ ቱቦዎች ወዲያው በንጹሕ ክዳን ይሸፈኑ።

ማረሻው መሬት ላይ ይረፍ፤ ሞተሩ ይጥፋ፤ ማንሻዎቹ ወደ ሁለቱም አቅጣጫ ተንቀሳቅሰው በቱቦው ውስጥ የቀረው ግፊት ይተንፍስ። የቆመ ሞተር ያለ ግፊት ነው ብሎ መፍታት ትልቅ ስሕተት ነው፤ የተነሣ ማረሻ ክብደቱን በዘይቱ ላይ እንደጣለ ይቆያልና።

ቫልቩ ሾፌሩ ከመቀመጫው ሳይነሣ በሚደርስበት፣ እግር በማይመታውና ልብስ በማይይዘው ቦታ በጠንካራ ብረት ላይ ይታሰር። ቱቦዎቹ ከትራክተሩ ግፊት በላይ የሚችሉ፣ ጫፋቸው በመጭመቂያ ማሽን የተገጠመ መሆን አለባቸው። የውኃ ጎማ በሽቦ ወይም በክላምፕ አስሮ መጠቀም ሞትን መጥራት ነው። ቱቦው ከጭስ ማውጫ፣ ከሚዞር ዘንግና ከሹል ብረት ይራቅ፤ ሲታጠፍም እንዳይሰበር ሰፊ ቅስት ይኑረው።

ሌላው የተለመደ ፈተና የጥርስ ዓይነት ነው። ከተለያዩ አገሮች የሚመጡ ቫልቮችና ትራክተሮች የመጋጠሚያ ጥርሳቸው ይለያያል፤ ቢኤስፒ፣ ኤንፒቲ፣ ጄአይሲና ሜትሪክ የሚባሉት በዓይን ይመሳሰላሉ፤ አንዱ በሌላው ላይ ጥቂት ዙር ሊገባም ይችላል። በግድ ማጥበቅና ክፍተቱን በቴፍሎን መሙላት ግን መፍትሔ አይደለም። የተቆረጠው ቴፍሎን ወደ ቫልቩ ገብቶ ዘንጉን ያጣብቃል። ለተለያየ ጥርስ የሚሆን መለወጫ መጋጠሚያ መግዛት ይገባል።

የመመለሻው ቱቦ ሰፊና አጭር ቢሆን ይመረጣል፤ የሚገባውም ከዘይቱ ወለል በታች መሆን አለበት። ከላይ የሚንዠቀዠቅ ዘይት አረፋ ይሠራል። አረፋ የያዘ ዘይት ደግሞ ስለሚታመቅ ሲሊንደሩን በመንቀጥቀጥ ያነሣዋል፤ ፓምፑንም ይበላዋል።

የመጀመሪያው ሙከራ

ገጠማው ሲያልቅ ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ይነሣ፤ ጭነትም አይኑር። አዲሱ ማንሻ ሳይነካ በመጀመሪያ የኋላው ማንሻ ይሞከር፤ እንደ ቀድሞው ከሠራ ማሳለፊያው ትክክል ነው። ቀጥሎ አዲሱ ማንሻ በዝግታ እየተንቀሳቀሰ ሲሊንደሩ ብዙ ጊዜ ይውጣና ይመለስ፤ በዚህ በቱቦው ውስጥ ያለው አየር ይወጣል። ከዚያ ሞተሩ ጠፍቶ የዘይቱ መጠን ይታይ፤ መጋጠሚያዎቹም ይመርመሩ።

ፓምፑ የሚያለቅስ ድምፅ ካሰማ አየር ስቧል ወይም ዘይት አንሶታል። ማንም ሳይጠቀም ዘይቱ ከጋለ ደግሞ በመንገዱ ላይ የተጨነቀ ቦታ አለ። ተሳቢው ተነሥቶ በራሱ ቀስ እያለ ከወረደ በቫልቩ ውስጥ ዘይት ይሾልካል። ሦስቱም ትራክተሩ ወደ ማሳ ከመሄዱ በፊት መፈታት ያለባቸው ምልክቶች ናቸው።

እጅና ሕይወት

በከፍተኛ ግፊት ከቀጭን ቀዳዳ የሚወጣ ዘይት በዓይን ላይታይ ይችላል፤ ቆዳን ግን እንደ መርፌ ይበሳል። ቁስሉ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ነጥብ ይመስላል፤ ሕመሙም ቀላል ሊሆን ይችላል። በውስጥ የተሠራጨው ዘይት ግን የእጅን ሥጋ ይገድላል፤ በሰዓታት ውስጥ የቀዶ ሕክምና ካልተደረገ ጣትን ወይም እጅን እስከማስቆረጥ ያደርሳል። ስለዚህ ዘይት የሚያፈስ ቦታ በእጅ አይዳሰስ፤ በካርቶን ወይም በጣውላ ይፈለግ። ዘይት ቆዳውን የበሳው ሰው ሕመም ባይሰማውም ሳይዘገይ ወደ ሆስፒታል ይሂድ፤ ለሐኪሙም የገባው የሃይድሮሊክ ዘይት መሆኑን በግልጽ ይንገር።

ሁለተኛው አደጋ ከተነሣ ተሳቢ ሥር መግባት ነው። ዘይት ብቻውን የያዘውን ጭነት ማመን አይገባም፤ አንድ ቱቦ ሲፈነዳ ተሳቢው በቅጽበት ይወርዳል። ከሥሩ የሚሠራ ሰው ካለ ባዶው ተሳቢ በጠንካራ የብረት ድጋፍ ይያዝ። ጭነት ሲራገፍም መሬቱ ደልዳላ ይሁን፤ ቀና ያለ ተሳቢ ተዳፋት ላይ ወደ ጎን ይገለበጣልና።

ማን ይፍቀድ፣ ማን ይሥራ?

ትራክተሩ በሊዝ የተያዘ ከሆነ ጥያቄው የብረት ብቻ አይደለም። በፋይናንስ ሊዝ ውል መሠረት ክፍያው ተጠናቆ ንብረቱ እስኪተላለፍ ድረስ ባለቤቱ አከራዩ ተቋም ነው። ስለዚህ ለውጥ ከማድረግ በፊት ውሉን ማንበብና የጽሑፍ ፈቃድ መጠየቅ ይገባል። የዋስትና ጊዜው ያላለቀ ትራክተር ከሆነም ሥራው በአስመጪው ወይም በወኪሉ ጋራዥ ቢሠራ ይመረጣል፤ የዘይት መንገዱ በሌላ እጅ ተነክቷል ተብሎ ዋስትናው እንዳይከለከል።

በማኅበር ለተደራጁ ወጣቶች ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ፓምፑ በእርሻው ወቅት መግቢያ ላይ ቢሰበር መለዋወጫ እስኪገኝ የሚያልፈው ሳምንት የዓመቱን ገቢ ይዞ ይሄዳል፤ ትራክተሩን ሲጠብቅ የነበረው የኩታ ገጠም አርሶ አደርም ዘሩን በወቅቱ ሳይዘራ ይቀራል። በጥንቃቄ የተገጠመ ቫልቭ ግን በበጋ ቆሞ ይውል የነበረውን ትራክተር ሥራ ያስይዘዋል።

ለገጣሚው የሚቀርበው ፈተናም ቀላል ነው። ባለቤቱ ባለሙያ ባይሆንም ሥራው ከመጀመሩ በፊት የዘይቱን መንገድ በወረቀት ላይ እንዲሥልለት ይጠይቀው፤ ከፓምፑ ወደ አዲሱ ቫልቭ፣ ከአዲሱ ማሳለፊያ ወደ ቀድሞው ቫልቭ፣ ከሁለቱም መመለሻ ወደ ማጠራቀሚያው፤ የግፊት ማስተንፈሻው የት እንደሆነም ያመልክት። ይህን ሥሎ ማሳየት የሚችል ገጣሚ ሥራውን ያውቃል። የማይችል ከሆነ ቁልፉን ከማንሣቱ በፊት ማስቆም ይሻላል፤ ቦዩን የማያውቅ ውኃ አባት የራስጌውንም የግርጌውንም ማሳ ያጠፋልና።